የፊዚክስ ኮርስ አመራረጥ በሊበራል አርትስ ኮሌጅ፦ የትኛው ለማን?

በአሜሪካ ትናንሽ የሊበራል አርትስ ኮሌጆች (ሳይንሱንም ሥነ ጽሑፉንም አንድ ላይ የሚያስተምሩ፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ላይ የሚያተኩሩ ኮሌጆች) የመጀመሪያ ዓመት ፊዚክስ አንድ ኮርስ ብቻ አይደለም። አብዛኞቹ ሦስት፣ አንዳንዶቹም አራት ዓይነት መነሻ አላቸው። በኮርስ ዝርዝሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲታዩ ሁሉም «የፊዚክስ መግቢያ» ይመስላሉ፤ ቁጥራቸውም ተቀራራቢ ነው። ልዩነታቸው የሚታወቀው በዓመቱ፣ ቀጣዩን ኮርስ ለመመዝገብ ሲሞከርና «ቅድመ ኮርሱን አላሟሉም» የሚል መልስ ሲመጣ ነው።

ስለዚህ እዚህ የማወዳድራቸው እያንዳንዱ ቀጥሎ ምን እንደሚያስወስድና ምን እንደሚያስቀር በማየት ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ «ፊዚክስ ወይም ምህንድስና ላጠና እችል ይሆናል» የሚል ሐሳብ በሩቁም ቢሆን ያለው ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር ካልኩለስ የሚጠቀመውን ኮርስ ይያዝ ባይ ነኝ። ይህ የማይመለከታቸው ብዙዎች ስላሉ የእነሱንም አልዘልም።

መለያው ሂሳቡ ነው

ከኢትዮጵያ የሚሄድ ተማሪ ራሱን የሚመዝነው አብዛኛውን ጊዜ በ12ኛ ክፍል የፊዚክስ ውጤቱ ነው። የኮሌጁ የፊዚክስ ክፍል ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሂሳቡ ነው። ዴሪቬቲቭና ኢንተግራል አጥርቶ ያውቃል? ወይስ ካልኩለስን ከፊዚክሱ ጋር በአንድ ሴሚስተር ሊጀምር ነው? ብዙ ኮሌጆች ሁለተኛውንም ይፈቅዳሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ይከብዳሉ፤ የፊዚክስ መምህሩ ገና በሂሳብ ክፍል ያልተደረሰበትን ነገር ሊጠቀም ይችላልና።

በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ጥያቄ ይታያል። አልጀብራ በሚጠቀመው ኮርስ ስለ ኤሌክትሪክ መስክ ስትማሩ ፈተናው ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ቻርጆችን በወረቀት ላይ ያስቀምጥና በአንድ ቦታ ላይ ያለውን መስክ አስሉ ይላል። የእያንዳንዱን ታሰላላችሁ፣ አቅጣጫቸውን ጠብቃችሁ ትደምራላችሁ፣ አለቀ። ካልኩለስ በሚጠቀመው ኮርስ ነጥቦቹ ይቀሩና አንድ ዘንግ ይመጣል፤ ቻርጁ በዘንጉ ላይ ሁሉ እኩል ተሰራጭቷል። አሁን ቆጥራችሁ የምትደምሩት ነጥብ የለም። ዘንጉን በሐሳብ እጅግ ደቃቅ ቁራጮች ታደርጉታላችሁ፣ የአንዷን ቁራጭ መስክ ትጽፋላችሁ፣ ከዚያ ከዘንጉ ጫፍ እስከ ጫፍ ኢንተግራሉን ትወስዳላችሁ። በሁለቱም ክፍል የሚሠራው ያው የኩሎምብ ሕግ ነው። ይሁን እንጂ በሁለተኛው መንገድ ያለፈ ተማሪ ወደ ማክስዌል እኩልታዎች (የኤሌክትሪክና የማግኔት መሠረታዊ ሕጎች) ሲደርስ አሠራሩን ለምዶታል፤ የመጀመሪያውን ብቻ ያየ ግን ፊዚክሱንም ሂሳቡንም አንድ ላይ መማር ይኖርበታል። የፊዚክስ ክፍሎች ፊዚክስን ዋና ትምህርቱ (ሜጀር) ለሚያደርግ ተማሪ የአልጀብራውን መስመር የማይቀበሉበት ምክንያት ይኸው ነው።

ሂሳብ ለማያስፈልጋቸው የተዘጋጁ ኮርሶች

አስትሮኖሚ፣ የድምፅና የሙዚቃ ፊዚክስ፣ ኃይልና አካባቢ፣ አንዳንዴም ስለ ኳንተም ወይም ስለ አንጻራዊነት ያለ ከባድ ሂሳብ የሚያስተምር ኮርስ በዚህ ክፍል ይገኛሉ። ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ ወይም ሥነ ጽሑፍ ለሚያጠናና የተፈጥሮ ሳይንስ ግዴታውን ለማሟላት ለሚፈልግ ሰው ተገቢ ምርጫ ናቸው። ቀላል ናቸው ማለት ግን አይደለም፤ ጥሩ መምህር ከያዛቸው ከብዙ ከባድ ኮርሶች የበለጠ ያሳስባሉ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ «ፊዚክስ ይመቸኝ እንደሆነ ልሞክር» ብላችሁ በዚህ አትጀምሩ። ኮርሱን ብትወዱትም ወደ ሁለተኛ ዓመት ፊዚክስ አያሻግርም፤ ስለዚህ ሙከራው አንድ ሴሚስተር ያስከፍላችኋል።

ለሕይወት ሳይንስና ለሕክምና የሚዘጋጁ

ይህኛው፣ ብዙውን ጊዜ አልጀብራ የሚጠቀመው መስመር፣ ከሌሎቹ ይልቅ በስህተት ይናቃል። «የባዮሎጂ ተማሪዎች ፊዚክስ» እየተባለ እንደ ተቀነሰ ነገር ሲቆጠር እሰማለሁ። ይዘቱን ለተመለከተ ግን የተለየ ኮርስ ነው። ስለ ፈሳሾች ፍሰት፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ሌንስና ስለ ዓይን፣ በነርቭ ውስጥ ስለሚሄድ ኤሌክትሪክ ሰፊ ጊዜ ይሰጣል። የደም ሥር ውስጠኛ ዲያሜትር በግማሽ ቢጠብና ግፊቱ እንደነበረ ቢቆይ የሚፈሰው ደም ስንት ይሆናል? ግማሽ የሚል መልስ በብዙ አፍ ላይ ይመጣል። መልሱ አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው፤ በዝግታና ሳይታወክ የሚሄድ ፍሰት ከቧንቧው ሬዲየስ አራተኛ ፓወር ጋር ስለሚሄድ። ፊዚክስን ዋና ትምህርቱ ያደረገ ተማሪ ይህን ነገር በአራት ዓመት ውስጥ ጨርሶ ላያገኘው ይችላል።

ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የሚያስቡ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት ፊዚክስ ከነቤተ ሙከራው ይጠየቃሉ፤ አልጀብራውንም ካልኩለሱንም የሚቀበሉ ብዙዎች ናቸው። በመግቢያ ፈተናው በኤምካት ደግሞ ፊዚክስ የሚገባው በዋናነት በኬሚስትሪና ፊዚክስ ክፍሉ ሲሆን፣ የዚያ ክፍል ሩብ ያህሉን ይይዛል። ለዚያ የሕይወት ሳይንሱ መስመር በቂ ነው። እንደ አምኸርስት ባሉ ኮሌጆች ደግሞ ይህም መስመር ካልኩለስ ስለሚጠይቅ ስሙን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ የኮርሱን መግለጫ አንብቡ።

በተማሪ ቪዛ ለሚሄዱ አንድ መራራ ነገር መጨመር አለብኝ። አብዛኞቹ የአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤቶች የውጭ ዜጋ አመልካች አይቀበሉም፤ የሚቀበሉትም ጥቂት ቦታ ነው ያላቸው። ስለዚህ ሐኪም እሆናለሁ በሚል ሐሳብ ብቻ ይህን መስመር የሚይዝ የውጭ ተማሪ ሌላ መውጫም ከወዲሁ ያስብ። እዚያው ተወልደው ያደጉ የኢትዮጵያውያን ልጆችን ይህ አይመለከታቸውም።

ካልኩለስ የሚጠቀመው ዋናው መስመር

ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው (በመኸር) ሴሚስተር ሜካኒክስ፣ በሁለተኛው (በጸደይ) ኤሌክትሪክና ማግኔት ነው። አንዳንድ ኮሌጆች ልዩ አንጻራዊነትን ከመጀመሪያው ዓመት ያስገባሉ። ክፍሉ ከትልቅ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ በአብዛኞቹ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪ ስለሌለ ቤተ ሙከራውንም ብዙውን ጊዜ የሚመራው መምህሩ ራሱ ነው። ይህ ጥቅም የሚሆነው ግን ለሚጠቀምበት ነው። መምህሩ በቢሮው በተመደቡ ሰዓቶች ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ለታላቅ አክብሮት በሚል ዝም ማለትን የለመደ ልጅ ሳይሄድ ሴሚስተሩ ያልፋል። እዚያ መሄድ ድፍረት ወይም ድክመት ተደርጎ አይታይም። የቤት ሥራውም በቡድን መሠራቱ የተለመደና የሚበረታታ ነው፤ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚለው አባባል ለሳምንታዊው የቤት ሥራ ወረቀት የተባለ ይመስላል። መፍትሔውን መጻፍ ግን ለብቻ ነው፤ ቅጂ ከተገኘ ጉዳዩ ለዲሲፕሊን ይቀርባል።

ከአገር ቤት ለሚመጣ ተማሪ ከንድፈ ሐሳቡ ይልቅ ቤተ ሙከራው ሊያስቸግረው ይችላል። መሣሪያው ብርቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የሚፈለገው ነገር ስለሚለይ ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ፔንዱለም አንዴ ሄዶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የሩጫ ሰዓት የያዘ እጅ 0.2 ሰከንድ ቢሳሳት፣ በአንድ ውዝዋዜ ላይ ስህተቱ 10 በመቶ ነው፤ የስበት ፍጥነት መጨመሪያው ከጊዜው ካሬ ጋር ስለሚሠራ ደግሞ በውጤቱ ላይ ወደ 20 በመቶ ያድጋል። 20 ውዝዋዜ በአንድ ላይ ከተለካ ግን ያው 0.2 ሰከንድ ለ40 ሰከንድ ይከፋፈላል፤ የውጤቱ ስህተት ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። ሪፖርቱ ላይ ነጥብ የሚያሰጠው ይህን ማሳየት ነው። «9.8 አገኘሁ» ብሎ መጻፍ ብቻውን ምንም አያስገኝም፤ እንዲያውም ይህን ልኬት አዲስ አበባ ላይ በጥንቃቄ የሠራ ሰው ማግኘት ያለበት 9.77 አካባቢ ነው፤ ከተማዋ ከፍታ ላይና ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች። አምኸርስት ባለበት በማሳቹሴትስ ግዛት የሚለካው ግን 9.80 ይጠጋል።

ስለዚህ ቤተ ሙከራ ያለውንና የሌለውን ክፍል የማማረጥ ዕድል ካጋጠማችሁ ያለውን ያዙ። የቤተ ሙከራ ሪፖርት ሰዓት ይበላል፤ ሆኖም በክረምት ምርምር ለመቀጠር የምታሳዩት ችሎታ ከዚያ ነው የሚመጣው።

መግቢያውን መዝለል

ኤፒ፣ አይቢ ወይም ኤ ሌቭል የሚባሉትን የሁለተኛ ደረጃ ከፍተኛ ፈተናዎች ውጤት ይዞ የመጣ ተማሪ አንዱን ወይም ሁለቱን የመግቢያ ኮርሶች እንዲዘል ሊፈቀድለት ይችላል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ፈተና ብዙውን ጊዜ እንዲህ ዓይነት ክሬዲት አያስገኝም፤ የፊዚክስ ክፍሉን አነጋግሮ በምደባ ፈተና ማለፍ ግን በብዙ ኮሌጅ ይቻላል። እንደ ዊሊያምስ ያሉት ደግሞ ሜካኒክስን ራሱን በሁለት ደረጃ ከፍለው፣ ፊዚክስ ጠንቅቆ ለመጣ ፈጠን ያለውን ያቀርባሉ፤ እንዲህ ያለ አማራጭ ካለ ከመዝለል ይሻላል።

መዝለል የሚያዋጣው መቼ ነው? የፊዚክስ ክፍሉን ያለፈ ዓመት የሜካኒክስ ማጠቃለያ ፈተና ለምኑ። በሦስት ሰዓት ውስጥ፣ የሚሽከረከር ዲስክን ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ በኢንተግራል ማውጣትን ጨምሮ፣ ሳትንተባተቡ ከሠራችሁት ዝለሉ። ኤሌክትሪክና ማግኔትን ግን ለመዝለል አትቸኩሉ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። በሁለተኛና በሦስተኛ ዓመት የሚመጣው ነገር በእሱ ላይ ስለሚቆም፣ እዚያ ላይ የቀረ ቀዳዳ ከጊዜ በኋላ አይደፈንም።

ጊዜው

በእኔ ግምት ከኮርሱ ዓይነት እኩል የሚያስጨንቀው መቼ ይጀመር የሚለው ነው። ፊዚክስ ሰንሰለት ነው። ከመግቢያው ዓመት በኋላ ዘመናዊ ፊዚክስ ወይም ሞገድና ኦፕቲክስ፣ ከዚያ የሂሳብ ዘዴዎች፣ ከዚያ የላይኛው ሜካኒክስ፣ ኤሌክትሮዳይናሚክስ፣ ስታቲስቲካል ሜካኒክስና ኳንተም ይከተላሉ። ከጎናቸው ባለ ብዙ ተለዋዋጭ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራና ዲፈረንሻል እኩልታዎች መሄድ አለባቸው። በመጀመሪያ ዓመት የጀመረ ሰው ተንፈስ እያለ ይጨርሳል፤ የውጭ ቋንቋም ፍልስፍናም ይማራል። በሁለተኛ ዓመት የጀመረ ይደርሳል፤ ግን በአንድ ሴሚስተር ሦስት የፊዚክስና የሂሳብ ኮርስ የሚጭንበት ወቅት ይመጣል። በሦስተኛ ዓመት የጀመረውን መከልከል እንጂ መምከር አልችልም።

የትናንሽ ኮሌጆች ችግር እዚህ ላይ ነው። መምህራኑ በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ አንዳንድ የላይኛው ኮርሶች በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣሉ። ስታቲስቲካል ሜካኒክስ የሚሰጠው ሦስተኛ ዓመት ላይ ሆናችሁ ውጭ አገር ለመማር በሄዳችሁበት ሴሚስተር ከሆነ፣ ሳትወስዱት ልትመረቁ ትችላላችሁ። ስለዚህ ያለፉትን አራት ዓመታት የኮርስ መርሐ ግብር አውጥታችሁ የትኛው መቼ እንደተሰጠ ተመልከቱ። መርሐ ግብሩ ራሱ ከማንኛውም ማስታወቂያ ብሮሹር የበለጠ ይናገራል።

መድኃኒቱ ጎረቤት ሊገኝ ይችላል። የአምኸርስት፣ የስሚዝና የማውንት ሆልዮክ ተማሪዎች በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የጎደላቸውን ኮርስ መውሰድ ይችላሉ፤ ስዋርዝሞር፣ ሃቨርፎርድና ብሪን ማር እርስ በርስም ከፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲም ጋር ተመሳሳይ ስምምነት አላቸው፤ የክሌርሞንት ኮሌጆች ደግሞ ተጎራብተው ነው የሚኖሩት። ብቻውን ገጠር ውስጥ ያለ ኮሌጅ ይህ የለውም። ዶክትሬት ለሚያስብ ተማሪ ሁለት ሴሚስተር ኤሌክትሮዳይናሚክስና ሁለት ሴሚስተር ኳንተም የሚያገኝበት ቦታ መሆኑን ማረጋገጥ ተገቢ ነው፤ ለመመረቅ የሚጠየቀው ዝቅተኛው የኮርስ ብዛት ብዙውን ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነውና።

ወላጆችን የሚያሳስብ አንድ ነገር እግረ መንገዴን ላንሳ። ከእነዚህ ኮሌጆች ብዙዎቹ በፊዚክስ የሚሰጡት ዲግሪ «ባችለር ኦፍ አርትስ» ይባላል። ልጁ ተጭበርብሮ ሥነ ጥበብ የተማረ የሚመስላቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የፊዚክስ ኖቤልን የተካፈለው ጆን ማተር ከስዋርዝሞር፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የተካፈለው ጆሴፍ ቴይለርም ከሃቨርፎርድ የያዙት ይህንኑ ዲግሪ ነው። የዶክትሬት ቅበላ ኮሚቴ የሚያየው የኮርሶቹን ዝርዝር ነው።

አራት ዓመት ወይስ ሦስት ሲደመር ሁለት?

ምህንድስና ለሚፈልጉ አንዳንድ ኮሌጆች ሦስት ዓመት እዚያው፣ ሁለት ዓመት በምህንድስና ትምህርት ቤት የሚያስተምር ስምምነት አላቸው፤ ኮሎምቢያና የሴንት ሉዊሱ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የታወቁት ተቀባዮች ናቸው። ሁለት ዲግሪ ያስገኛል። ሲሰማ ያጓጓል፤ ጉዳቱ ሦስት ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ብዙ የሳይንስ ኮርስ ስለሚጨመቅ በሊበራል አርትስ ኮሌጅ ለመማር የተመጣበት ምክንያት ይሳሳል። የመጨረሻው ዓመት፣ ከመምህራን ጋር ምርምር የሚሠራበት፣ ይቀራል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ የመጀመሪያው ኮሌጅ የሰጠው የገንዘብ ድጋፍ ወደ ሁለተኛው ትምህርት ቤት አይከተልም፤ እዚያ እንደገና መለመን ነው፤ ለውጭ ተማሪ ደግሞ ዋስትና የለም። ሙሉ ድጋፍ ላገኘ ተማሪ ይህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። አራቱን ዓመት በፊዚክስ ጨርሶ ለማስተርስ ምህንድስና ማመልከት ይሻላል። ቤተሰቡ መክፈል የሚችል፣ ወይም ምህንድስናን ለአንድ ቀን ያልተጠራጠረ ሰው ግን ቢይዘው አልቃወምም፤ እሱም ቢሆን ምህንድስና ራሱ ያለበትን ኮሌጅ፣ እንደ ስዋርዝሞር ወይም ሃርቪ መድ ያለውን፣ ቢያይ መልካም ነው።

የሁለተኛ ዓመት ምርጫ፦ ኤሌክትሮኒክስ ወይስ ኮምፒውተር?

ሁለቱንም መውሰድ የሚችል ይውሰድ። አንዱን ብቻ ከሆነ፣ በፓይተን የኮምፒውተር ቋንቋ የሚሠራውን የስሌት ፊዚክስ አስቀድማለሁ። ምክንያቱ ክረምቱ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የሚደጎሙት የታወቁት የክረምት ምርምር ፕሮግራሞች የሚከፍሉት ለአሜሪካ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው፤ በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው እዚያ ማመልከቱ ድካም ነው። ለእሱ ዋናው ዕድል የራሱ ኮሌጅ መምህራን ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ እንኳ መረጃ መተንተን የሚችል እጅ ይፈልጋሉ። በሪድ ኮሌጅ ያለ ተማሪ ተጨማሪ ዕድል አለው፦ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የሚሠራ የምርምር ኒውክሌር ሪአክተር አለ፤ በብዛት የሚያንቀሳቅሱትም የመንግሥት ፈቃድ የያዙ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ናቸው፤ ፊዚክስ የማያጠኑም ጭምር።

ከምረቃ በኋላ ሥራ ለሚያስቡም ኮምፒውተሩ ይጠቅማል። እስካሁን ባለው ደንብ የፊዚክስ ተመራቂ በተማሪ ቪዛው ከ12 ወር የሥራ ፈቃድ በተጨማሪ የ24 ወር ማራዘሚያ መጠየቅ ይችላል፤ ያንን ጊዜ የሚሞላው ቀጣሪ ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ፕሮግራም መጻፍና መረጃ ማንበብ የሚችል ሰው ነው።

የመጨረሻው ዓመት

የመመረቂያ ጥናት በሪድ ለሁሉም ግዴታ ነው። ካርልተንም እያንዳንዱ ተመራቂ የማጠቃለያ ሥራ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። በዊሊያምስ በፊዚክስ የመመረቂያ ጥናት መሥራት በክብር ማዕረግ መመረቅ የሚፈልግ የሚመርጠው ነው። ስዋርዝሞር የተለየ ነገር አለው፦ የክብር ፕሮግራሙን የመረጡትን የሚፈትኗቸው ከሌላ ተቋም የሚመጡ ምሁራን ናቸው፤ የራስ መምህር ከፈታኝነት ወርዶ አሰልጣኝ ይሆናል። ዶክትሬት ለሚፈልግ ጥናቱን ምረጡ እላለሁ፤ አንድ መምህር ስለ እናንተ ዝርዝር የድጋፍ ደብዳቤ መጻፍ የሚችለው ዓመት ሙሉ አብሯችሁ ሲሠራ ነው። ወደ ሥራ ወይም ወደ መምህርነት ለሚሄድ ግን በዚያ ሰዓት ሁለት ተጨማሪ ኮርስ መውሰዱ አያስቆጭም።

ሲመዘገቡ

በሁለት ደረጃ መካከል ለሚያመነቱ፦ ከፍተኛውን ተመዝገቡና የሁለቱንም የመጀመሪያ ሳምንት ክፍል ተከታተሉ። የኮርስ መቀየሪያው ጊዜ ሳያልፍ የመጀመሪያውን የቤት ሥራ ወረቀት ሥሩ። ከላይኛው ወደ ታችኛው መውረድ ብዙውን ጊዜ በአንድ ፊርማ ያልቃል፤ ከታች ወደ ላይ መውጣት ግን ያመለጠውን ቤተ ሙከራና የቤት ሥራ ማካካስ ይጠይቃል፤ ክፍሉም ሞልቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል።